የአያት ልቅሶና የልጅ ልጅ፤ ስለ ዳሞት ሙሾ የቀረበ ሒስ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፥ በዙሪያቸውም ባለው ባላገር፥ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በሞተ ጊዜ የሚወርደው ሙሾ ብዙ ጊዜ ይወደሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከካህናት ወገን ይነቀፋል። እንደ ድርሰት ግን ሲመዘን እምብዛም አይታይም። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ያፈራ አገር ግን በደጁ የሚገጠመውን በዝምታ ማለፍ አይገባውም።

ሙሾው አካሄዱ የታወቀ ነው። አስለቃሿ የትውልድ ሐረግ በመቍጠር ትጀምራለች፤ ቀጥላ ሟቹ ወንድ እንደ ሆነ ጠመንጃውን፥ በቅሎውንና በሸንጎ የሚሰማ ቃሉን፥ ሴት እንደ ሆነች እጇን፥ መሶቧንና እንግዳ መቀበሏን ታነሣለች። በመጨረሻም ሟቹ ለደብሩ ያደረገው ውለታ ይነገራል። ቤቱ ሁለት ሁለት ስንኝ ነው፤ ለቀስተኛውም በዋይታ ይቀበላል። ብልህ አስለቃሽ ስትገኝ ሰሙ ስለ በሬ፥ ወርቁ ስለ ሟቹ ሆኖ ይሰማል፤ ያን ጊዜ የቅኔ መምህር እንኳ ጆሮውን ያቀናል። (ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ስለ ሆነ፥ በዚያች ከተማ ስለ ሞት የሚቀኝ ሰው ሰምና ወርቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ አብዝቶ የተጠቀመበትም እንደ ሆነ ይሰለቻል።)

የትውልዱ ቈጠራ ያለ ምክንያት የገባ አይደለም። በርስት ዘመን መሬት በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚው አባት እየተቈጠረ ይወረስ ነበርና፥ የአያት ስም በልቅሶ ፊት መጠራቱ ምስክርነት ነበረ። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ስለ አማራ የመሬት ይዞታ በሚናገር መጽሐፉ ይህን የርስት ሥርዓት ከዳሞት ተነሥቶ አስረድቶታል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሻረ፤ ሙሾው ግን ሐረጉን ከመቍጠር አልተመለሰም። ጕዳዩ ያለፈ ቅርጽ ሁሉ ክፉ ነው አይባልም፤ ነገር ግን ቅርጹ የያዘውን ስፍራ ሌላ ነገር ሊይዘው ይችል ነበር።

ያም ሌላ ነገር የልጅ ልጁ ኀዘን ነው። በዚህ ሁሉ ሙሾ ውስጥ የልጅ ልጅ የሚገኘው በቍጥር ነው፤ የልጅ ልጅ አየች ይባላል፥ ይህም ለሟቿ ምስጋና ይሆናል። ከእርሷ ጋር በአንድ መደብ ያደረው፥ ቆብ ከጫነች ወዲህ ዘንጓን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የመራት፥ ተረቱን ከአፏ የሰማ ማን ነው? አያት ያሳደገው እየተባለ በቀልድ የሚነገረው ቃል ራሱ ይህን ፍቅር ይመሰክራል። ሞት በመጣ ጊዜ ግን ልጁ ወደ ጎረቤት ይሰደዳል፤ መርዶው በንጋት ለአዋቂዎች ሲነገር እርሱ ጠበል ሄደች ይባላል። ወላጆች ይህን ከርኅራኄ ያደርጉታል። ልጁ ግን ጠበል የሄደ ሰው እንደሚመለስ ያውቃልና መንገድ መንገዱን እያየ ይቈያል። ትልልቆቹንም ዕድሜ ጠግባለች እያሉ ማጽናናት ደግ ነው፤ ዕድሜዋን እርሷ ብትጠግብ እንኳ ልጁ እርሷን አልጠገበም።

ቅዱስ መጽሐፍ አያትን በዚህ መንገድ አያልፍም። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ኤፍሬምንና ምናሴን ወደ አልጋው አስቀርቦ እጁን ጫነባቸው፤ ልጆቹ ከሞቱ ደጅ አልተባረሩም። ግብፃውያንም 70 ቀን አለቀሱለት። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ አያቱን ሎይድን በስሟ ጠራ። መጽሐፈ ግንዘታችንም ሟቹን በማዕርግና በዕድሜ ለይቶ ይጸልያል። ለሚያዝነው ሕፃን የተለየ ቃል ባይጻፍለትም ሥርዓቱ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። ዳዊት የሚደግም ልጅ ለአያቱ መዝሙር ቢያነብ፥ በ40ኛው ቀን ተዝካር እንጀራ ቢያቀርብ፥ ኀዘኑ መያዣ ያገኛል። ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ ሙሾው ግን አላያቸውም።

በከተማ ደግሞ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፥ በቀብሩም ላይ የሕይወት ታሪክ ከወረቀት ይነበባል። ይህ አዲስ ድርሰት ከሙሾው የወረሰው ጕድለቱን ነው፤ የተወለዱበት ቀን፥ የተዳሩበት ዘመን፥ የስንት ልጅ እናት፥ የስንት የልጅ ልጅ አያት እንደ ነበሩ ይነገርና ይታጠፋል። ሙሾው ቢያንስ ዜማ ነበረው።

የሚመሰገነው ሌላ ነው። ዋነኛዋ አስለቃሽ ደክማ ዝም ስትል፥ ያልተጠራች አንዲት የልጅ ልጅ ከጓዳ ወጥታ ስለ አያቷ እንዝርት ሁለት ስንኝ የምታወጣበት ጊዜ አለ። ሐረግ አትቈጥርም፥ ጠመንጃ አታነሣም፤ እንዝርቱ ላይ የቀረውን ጥጥ ማን ይፈትለው ብላ ትጠይቃለች። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንደሚሞላ ይህም በሁለት ስንኝ ይሞላል። ለቀስተኛው ለአስለቃሿ ጮኾ ይቀበል የነበረ፥ በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል። የአገሩን ሙሾ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ቢኖር ከዚህኛው መጀመር አለበት፤ የሐረጉን ሙሾ የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው፥ የልጅቱን ግን ከድንኳኑ መነሣት በኋላ የሚይዝላት የለም።