የሕፃናትን ቁመት ስለ መለካት

የሕፃንን ቁመት መለካት፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው፣ ልጁን በሰሌዳ ላይ አጋድሞ ቁጥሩን ከማንበብ ያለፈ ጥበብ የማይጠይቅ ሥራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘመኑን በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ያሳለፈ ሰው፣ ከሙያችን ተግባራት መካከል ይህን ያህል ትዕግሥትን፣ ጥንቃቄንና የልቡና ቅንነትን የሚሻ ጥቂት እንደ ሆነ ይመሰክራል። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነው ሕፃን ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ቆሞ ይለካል፤ ያው አንዱ ልጅ ተጋድሞ ሲለካ ቆሞ ከሚለካው በ0.7 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማልና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው የሕፃኑን ራስ ከሰሌዳው ቋሚ ጫፍ ጋር አጋጥሞ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲመለከቱ አድርጎ ሲይዝ፣ ሁለተኛው ጉልበቶቹን በለዘብታ ተጭኖ ተንቀሳቃሹን ጣውላ ከውስጥ እግሮቹ ጋር ያገናኛል። ራሱ ላይ ቁንጮ ያለው ልጅ ጠጉሩ ተጨፍልቆ ጣውላው ከራስ ቅሉ ጋር ካልተገናኘ በቀር፣ ወላጆቹ ለጌጥ የተዉለት ጠጉር በመዝገቡ ላይ የአጥንት ዕድገት ሆኖ ይጻፋል። የሚያለቅስ ሕፃን እግሩን ያጥፋል፣ ወገቡንም ያጎብጣል፤ ስለዚህ እናቲቱ በራስጌው ቆማ ድምፅዋን እንድታሰማው እለምናታለሁ እንጂ በኃይል ዘርግቼ አልለካውም።

ከልኬቱ ይልቅ አብዝቶ የሚያደክመው ግን የዕድሜው ነገር ነው። በባላገር የልጅ ልደት በወርና በቀን ተጽፎ የሚቀመጥበት ቤት ጥቂት ስለ ሆነ፣ የእናቲቱ የዘመን መዝገብ በዓላቱና የእርሻው ሥራ ናቸው። «ለኅዳር ሚካኤል ነው፣ ሲስተር» ትለኛለች፤ እኔም «እኅቴ፣ የዘንድሮው ነው ወይስ ያምናው? ያን ጊዜ ጤፉ ታጭዶ ነበር ወይስ ገና በማሳው ላይ ነበር?» እያልሁ፣ ከጥምቀት ወደ ሁዳዴ መግቢያ፣ ከፍልሰታ ወደ መስቀል እየተሸጋገርን ወሩን አብረን እናወጣዋለን። ይህ ምርመራ ጊዜ የሚያባክን ወግ የሚመስለው ወጣት ባለሙያ ቢኖር እንዲህ አድርጎ ያመዛዝነው፤ ርዝመቱ 75 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ልጅ 12 ወር ከሆነው ከመካከለኛው ልክ እምብዛም አይርቅም፤ 18 ወር ከሆነው ግን ከቀነጨሩት ሕፃናት ወገን ይቆጠራል። ሰሌዳው ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፣ ዕድሜው ከተሳተ ፍርዱ ሐሰት ነው።

አንድ ልኬት ብቻውን ልጁ የደረሰበትን ቦታ ያሳያል እንጂ የሚሄድበትን ፍጥነት አይናገርም። ይህን ቀድሞ በተግባር የገለጸው ፈረንሳዊው ኮንት ፊሊቤር ደ ሞንቤያር ነበር፤ እርሱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1759 እስከ 1777 የገዛ ልጁን ቁመት በየስድስት ወሩ ገደማ እየለካ ጻፈ፤ ሊቁ ቡፎንም መዝገቡን በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ አሳተመው። ከዚያ መዝገብ እንደሚታየው፣ የሰው ልጅ ዕድገት ከልደት አጠገብ እጅግ ፈጣን ሆኖ ጀምሮ ዓመት በዓመት እየቀነሰ ይሄድና፣ ለአካለ መጠን በሚደረስበት ወራት እንደ ገና ይነሣል። 50 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ የተወለደ ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት 25፣ በሁለተኛው 12 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭማሪ እጅግ ያነሰ ነው። የመቀንጨር ጉዳትም በእነዚሁ ሁለት ዓመታት የሚከፋው ስለዚህ ነው፤ ብዙ የሚጨመርበት ወራት ብዙ የሚታጣበትም ነውና።

ሰሌዳውን አንሥቼ ልጁ ከዕድሜው በታች መሆኑን ስናገር፣ ከቤተ ዘመዱ ወገን ቶሎ የሚመጣው መልስ የዘር ነገር ነው። አያቲቱ ነጠላዋን እያስተካከለች «ልጄ፣ የእኛ አጥንት እንዲህ ነው፤ አባቱም አያቱም አጫጭሮች ነበሩ» ትላለች። ይህን ቃል በንቀት መመለስ አይገባም፤ ከፊሉ እውነት ነውና። በቂ ምግብና ጤና ባለበት አገር የሰዎችን ቁመት ከሚያለያዩት ምክንያቶች አብዛኛውን ድርሻ የሚይዘው ከወላጆች የሚወረሰው ነው። ዳሩ ግን ያ ውርስ በምልዓት የሚገለጠው ሕፃኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሲያገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ሕፃናትን አስለክቶ ነበር፤ እናቶቻቸው የማያጨሱ፣ ጡት የሚያጠቡ፣ ኑሮአቸውም ዕድገትን የማያሰናክል ነበሩ፤ እነዚህ በቀለም፣ በቋንቋና በአየር ጠባይ የተራራቁ ሕዝቦች ልጆች እስከ አምስት ዓመት ድረስ ያደጉበት መጠን እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በ2006 የወጣው፣ ዛሬ በእጃችን ያለው የዕድገት መለኪያ የተሠራው ከዚሁ ነው። ከጓቴማላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የማያ ቤተ ሰቦች ልጆችም፣ ደማቸው ሳይለወጥ፣ በአገራቸው ከቀሩት ባልንጀሮቻቸው በቁመት ልቀው መገኘታቸው ተጽፏል። አንድ ልጅ ከወንድሙ ቢያጥር ዘር ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ወረዳ ልጆች እኩሌታ ቢያጥሩ ግን ምክንያቱን ከዘር ውጭ መፈለግ ግዴታችን ነው።

በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 ከመቶው 58 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ወርደዋል። በ2016 የተደረገ ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶው 15፣ በአማራ ክልል ግን 46 አግኝቷል፤ ይህም የእህል አገር በሆነው በጎጃም ጭምር ጎተራው ሙሉ በሆነበት ቤት ልጅ ሊቀነጭር እንደሚችል ለምናይ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። ሆድን የሚሞላውና አጥንትን የሚያስረዝመው አንድ አይደለምና፤ የጤፍ እንጀራና ሽሮ የሚበላ ሕፃን ጠግቦ ሲያድር፣ ወተቱ ወደ ቅቤ፣ እንቁላሉም ወደ ገበያ ሄዶ ጨውና ቡና ይገዛበታል።

በዚህ ላይ የድስት ነገር አለ፤ ስለ እርሱ ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ፤ ከሰሌዳው ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ እርሱ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሕፃናት ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ይሁን እንጂ እናቲቱ ራስዋ ጿሚ ናት፤ በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፣ በፍልሰታ፣ በየረቡዑና በየዓርቡ፣ የጾም ወጥ በሚሠራበት ድስት ወተት ብታፈላ ወይም እንቁላል ብትጠብስ ዕቃው የሚረክስባት፣ ጾምዋም የሚፈርስባት ይመስላታል፤ ሁለተኛ ድስት ደግሞ ብዙ ጊዜ በቤቱ የለም። እንግዲህ ሕፃኑ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሳይሆን በዕቃ እጦት ይጾማል። እናቲቱን በዚህ መውቀስ ሃይማኖትዋን መንካት ነው፤ ፍሬም የለውም። እኔ የምመክረው ለሕፃኑ የብቻው የሆነ ትንሽ ድስትና ማንኪያ እንዲገዛለት፣ የንስሓ አባትም በጉባኤ ፊት ይህ ኃጢአት አለመሆኑን እንዲናገሩ ነው፤ ካህኑ አንድ ጊዜ የተናገሩትን ቃል እኔ ለብዙ ወራት ብናገረው ያን ያህል አይሰማም። እንዲህም ሲሆን እንቁላል ብቻውን መድኃኒት ነው ብዬ አላስተምርም፤ በኢኳዶር ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል የበሉ ሕፃናት በቁመት ሲበልጡ፣ ቀድሞ ዓሣ ይበላበት በነበረ በማላዊ መንደር ግን ያ ትርፍ አልታየም። ምግብ የሚጠቅመው የጎደለውን ሲሞላ ነው።

ከድስቱ ቀጥሎ የምጠይቀው ስለ ውሃና ስለ ተቅማጥ ነው። ገንዘብ ያጠረው ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራውን ላለማጣት የጀመረውን ቤት ሳይጨርስ እንደሚተወው ሁሉ፣ በትኩሳትና በተቅማጥ የተያዘ ሰውነትም ሕይወቱን ለማቆየት ሲል ዕድገቱን ያቆማል፤ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ዕረፍትና በቂ ምግብ ያገኘ ልጅ የጎደለበትን ፈጥኖ ሊያካክስ ይችላል፤ ሳያካክስ ሁለተኛ ሕመም የደረሰበት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በ1972 የታተመ አንድ ጥናት በስሜን በደባርቅ ደጋና በአዲ አርቃይ ቆላ የሚኖሩትን ልጆች ቢያነጻጽር፣ አየሩ የሳሳበት የደጋው ልጅ ያጥራል ተብሎ ሲጠበቅ የቆላው ልጅ አጥሮ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ምክንያቱን በቆላው ውስጥ ከሚበረታው የወባና የሌላ በሽታ ሸክም ጋር አያይዘውታል። ምግቡም ጤናውም ተሟልቶ እያለ የማያድግ ልጅ ሲገጥም ደግሞ፣ የእንቅርት ዕጢ ወይም የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባዋል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ እናቲቱ ስለ ራስዋ ነው። በ1938 ዋልተንና ሐመንድ የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት ግዙፉን የሻየር ፈረስ ድንክ ከሆነው የሼትላንድ ዝርያ ጋር በሁለቱም ወገን አዳቅለው ነበር፤ አባትና እናቱ የየትኛውም ዝርያ ቢሆኑ፣ ውርንጭላው ሲወለድ መጠኑ ከተሸከመችው እናት ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኘ። በሰውም ዘንድ የሚወለደው ሕፃን መጠን በእናቲቱ ማኅፀንና ኑሮ እጅግ ይወሰናል። በልጅነትዋ የቀነጨረች፣ አጥንትዋ ሳይጠና የተዳረች፣ በእርግዝናዋም ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የከረመች ሴት ትንሽ ሕፃን ብትወልድ፣ የልጁ ጉዳት ከእርሱ መወለድ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ጀምሯል። ስለዚህ በአንድ ልጅ ካርድ ላይ የማነበው የሁለት ሰው ዕድሜ ነው፤ አያቲቱ «አጥንታችን ነው» ያለችውም በዚህ በኩል እውነት አለው፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ግን ችግሩ ነው።

መንግሥት በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2030 እንዲያበቃ ወስኗል። ለዚህ ውሳኔ የማይስማማ አንድ ልማድ ግን በብዙ ጤና ኬላዎች ይታየኛል፤ ሕፃናቱ ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ግን አይለካም። ክብደት ብቻውን ያታልላል፤ አጭርና ደንዳና ልጅ በሚዛኑ ላይ ጤነኛ ይመስላል፣ በእናቱም ዓይን ውብ ነው፣ ማጠሩም ሳይታወቅ ሁለት ዓመቱ ያልፋል። ሰሌዳው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ጠንቃቃ አናጢ ከደረቀና ከማይጣመም እንጨት ሊሠራው ይችላል፤ የራስጌው ጣውላ ከወለሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ፣ የሴንቲሜትሩም ዜሮ ከራስጌው ጣውላ ውስጠኛ ፊት ይጀምር፣ ተንቀሳቃሹ ጣውላ ሳይወላገድ ይንሸራተት። ልኩ የታወቀ ቀጥ ያለ ዘንግ ከአጠገቡ ይቀመጥ፤ ሰሌዳው በየሳምንቱ በእርሱ ይፈተሽ። እያንዳንዱም ሕፃን ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተቀራረቡ ሦስተኛ ይለካ፤ መዝገቡ የሚጻፈውም ከዚያ በኋላ ነው።