ከደም ናሙናው በፊት

አንዲት ወጣት ያለ ግልጽ ምክንያት እግሯ ውስጥ ደም ረግቶባት ስትመጣ፣ ብዙ ሐኪም በዚያው ቀን የፕሮቲን ሲ፣ የፕሮቲን ኤስና የአንቲትሮምቢን ምርመራ ያዛል። እኔ አላዝም። ሦስቱ የደም መርጋት ልጓም ናቸው፤ ደም በረጋ ሰሞን ግን ራሳቸው ተሟጥጠው ስለሚወርዱ፣ ጤነኛ ዘር ያለውም ሰው ጉድለት ያለበት ይመስላል። ለሕክምና የሚሰጠው ደም አቅጥኙ ሄፓሪን አንቲትሮምቢንን ያወርዳል። ዋርፋሪን ደግሞ ያለ ቫይታሚን ኬ የማይሠሩትን ሲንና ኤስን ይቀንሳል። በእርግዝና ጊዜም ኤስ ዝቅ ይላል። ያለጊዜው በተቀዳ ደም «በዘር የመጣ ነው» ተብለው ዓመታት የተሳቀቁ ሴቶች አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። አጠያየቁ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ «ደም የረጋበት ዘመድ አለ?» ካልኩ መልሱ «የለም» ነው። የአንዷን ታካሚ እናት፣ «እማማ፣ ከእርስዎ ወገን አራስ ሳለች ያረፈች አለች?» አልኳቸው።

«ታላቅ እህቴ አለች እንጂ። አንድ እግሯ አብጦ ሰነበተ፤ በአሥራ አምስት ቀኗ ከአልጋ ልትነሳ ስትል ትንፋሽ አጠራትና ወደቀች። ምች ነው አሉን።»

ይህ ከእግር ተነቅሎ ሳንባ የዘጋ የረጋ ደም ይመስላል፤ ይመስላል እንጂ አያረጋግጥም። ኖርዌያዊው ኦላቭ ኤግበርግም እ.ኤ.አ. በ1965 የአንቲትሮምቢንን ጉድለት የገለጸው ደም በሚረጋበት አንድ ቤተሰብ ላይ ነው። ጉድለቱ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ ነው። የወረሰው ሁሉ ግን አይታመምም፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና፣ ጀሶ ወይም ወሊድ ሲታከልበት ነው የሚነሳው።

የምርመራው ውጤት የዚያን ሳምንት ሕክምና እምብዛም አይለውጥም። ዋርፋሪንን ብቻውን ያለመጀመር ነገር ግን አይዘነጋም፦ ፕሮቲን ሲ በሰዓታት ሲወርድ፣ ደም የሚያረጉት እነ ፕሮትሮምቢን ቀናት ይቆያሉ። ሲ ከመነሻው ያነሰው ሰው በዚያ ክፍተት ቆዳው ሊሞት ይችላል። ሄፓሪኑን ቢያንስ 5 ቀን ደርበን የምንሰጠው አንድም ለዚህ ነው።

የልጅቷን ደም ለማየት መድኃኒቱ እስኪያበቃ መጠበቅ ግድ ነበር። እናትየው ግን ምንም አይወስዱም። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ እስከ መስመሩ ሞልተን ቀዳን፤ ካልሞላ ደም እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ ያለው ሲትሬት በዝቶ ውጤቱን ያዛባል። በሌላ ጊዜም ደገምነው፤ ሁለቴም ፕሮቲን ኤስ ዝቅተኛ ነበር። ለልጅቷ ኤስትሮጅን የሌለው የወሊድ መከላከያ መረጥን። ስታረግዝ ቀድማ እንድትመጣ፣ ከወለደችም በኋላ የሄፓሪኑን መርፌ 6 ሳምንት እንዳታቋርጥ ካርዷ ላይ ጻፍኩ።