መድገምና አርምሞ፦ በቡድሂስት ተመስጦ ውስጥ ድምፅ ስላለው ቦታ

በአማርኛ «ዳዊት ደገመ» የተባለ ሰው መዝሙሩን ሁለተኛ ጊዜ አነበበ አይባልም፤ ጸለየ ነው የሚባለው። ከዚያው ግስ የወጣው «ድግምት» ግን ጠንቋይ ደጃፍ ያደርሰናል። አንድ ሥር ጸሎትንም አስማትንም ማብቀሉ፣ ተመላልሶ የሚነገር ቃል በሰው ዘንድ ምን ያህል እንደሚከበርና ምን ያህል እንደሚጠረጠር ያሳያል። ይኸው ሁለት ልብ ስለ ቡድሂዝም በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ይታያል። እግሩን አጣጥፎ በዝምታ የተቀመጠው መነኩሴ የሃይማኖቱ እውነተኛ ገጽታ ተደርጎ ይሣላል። በኅብረት የሚያዜሙት፣ ክር የሚያስሩትና ውኃ የሚረጩት መነኮሳት ደግሞ ለባህል አጥኚ ይተዋሉ፤ ሲከፋም አጉል እምነት ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ክፍፍሉ ራሱ የቅርብ ዘመን ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው። በአብዛኛው የቡድሂዝም ታሪክ መድገምና አርምሞ የአንድ ሥራ ሁለት ደረጃዎች ነበሩ፤ ሥራውም በልብ መያዝ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። ዛሬ በየሕክምና ተቋሙና በየስልክ መተግበሪያው «ንቁ ልቦና» በሚል ስም የሚሰበከው ነገር በፓሊ ቋንቋ ሳቲ ይባላል፤ የሳንስክሪት አቻው ስምሪቲ ነው። የሁለቱም ሥር ማስታወስ ነው። ቻይናውያን ተርጓሚዎች ይህን ቃል ኒየን ብለው መለሱት። ኒየን ማሰብም ነው፣ ማስታወስም ነው፣ ድምፅን አሰምቶ ማንበብም ነው፤ ስለዚህ ኒየንፎ (በጃፓንኛ ኔምቡፁ) ቡድሃን ማሰብ ነው ወይስ ስሙን መጥራት ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቋንቋው ሁለቱንም ይቀበላል። የቃሉን ታሪክ ያጸናው የትምህርቱ ታሪክ ነው። የቡድሃ ትምህርት ለብዙ ትውልድ የኖረው በአፍ ብቻ ነበር። ባናካ የሚባሉ ደጋሚ መነኮሳት ትምህርቱን ተከፋፍለው፣ አንዱ ረጃጅሞቹን ንግግሮች፣ ሌላው መካከለኞቹን በቃሉ ይዞ ያቆየው ነበር። በትውፊቱ መሠረት በፓሊ የተላለፈው ቅዱስ ቃል በጽሑፍ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት፣ በስሪ ላንካ አሉቪሃራ ነው። ጉባኤ ለሚለው እንኳ የፓሊው ቃል ሳንጊቲ ነው፤ አብሮ ማዜም ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ማኅበር ውስጥ ምንም የማይደግም መነኩሴ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚያሰላስለው ነገር ከየት ያመጣ ነበር?

የዚህ ጥያቄ መልስ በ5ኛው መቶ ዓመት ቡድሃጎሳ በስሪ ላንካ ባዘጋጀው «የንጽሕና መንገድ» በተሰኘው ታላቅ የተመስጦ መጽሐፍ፣ በቪሱዲማጋ፣ በግልጽ ተቀምጧል። መጽሐፉ የሰውነትን 32 ክፍሎች ስለማሰላሰል ሲያስተምር የሚጀምረው ከአፍ ነው። ተማሪው የራስ ጠጉር፣ የገላ ጠጉር፣ ጥፍር፣ ጥርስ፣ ቆዳ እያለ ወደ ፊት ይቆጥራል፤ ከዚያ ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀጥሎም ሌሎቹን ክፍሎች በየተራ እየጨመረ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ይላቸዋል። ሦስቱን የመጻሕፍት ቅርጫቶች በቃሉ ያጠና ሊቅ እንኳ ከዚህ ነፃ አይሆንም። ምክንያቱ ተነግሯል፦ ምላስ ሲለምደው ልብ ወዲያና ወዲህ መሮጡን ይተዋል፣ ክፍሎቹም አንድ በአንድ እየጠሩ ይመጣሉ። ድምፁ ከጸና በኋላ ያው ዝርዝር በልብ ብቻ ይደገማል፤ ከልቡ ድገማ በኋላ ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ቦታው፣ ወሰኑ ይመረመራል። ቡድሃጎሳ እዚያው አንድ ታሪክ ይጠቅሳል። ሁለት አረጋውያን መነኮሳት ማሃዴቫ ወደሚባል መምህር ሄደው የተመስጦ ትምህርት ስጠን አሉት። እርሱም ይህንኑ የ32 ክፍል ዝርዝር አራት ወር እንዲደግሙ ሰጣቸው። ሁለቱም ቀድሞ ብዙ መጽሐፍ የሚያውቁ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን የመገለጥ ደረጃ ያገኙት ግን በአራተኛው ወር መጨረሻ፣ ሲደግሙ ቆይተው ነው። ንባቡ ሳይጸና ወደ ትርጓሜ የማይታለፍበትን የአብነት ትምህርት ቤት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይሆንበትም። ንጽጽሩን ግን ከዚህ አላርቀውም፤ የሁለቱ መንገዶች መድረሻ የተለያየ ነውና። ለክርክሬ የሚበቃኝ ቡድሃጎሳ የሚያውቀው ዝምታ ባዶ አለመሆኑ ነው። ከአፍ ወደ ልብ የገባ ድምፅ የሰፈረበት ዝምታ ነው።

ከቡድሃጎሳ ዘመን በፊት የነበሩት ንግግሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። አንጉታራ ኒካያ በተባለው የንግግሮች ስብስብ ነፃ መውጣት የሚገኝባቸው አምስት አጋጣሚዎች ተቆጥረዋል፦ ትምህርቱን መስማት፣ ለሌላው ማስተማር፣ መድገም፣ ማውጣት ማውረድ፣ አንዱን የተመስጦ ምልክት በሚገባ መያዝ። መድገም እዚህ የመሰናዶ ሥራ ሆኖ አልተመዘገበም፤ ከተመስጦው እኩል በር ሆኖ ቆሟል። ስሪ ላንካ ውስጥ ለሕመምተኛ ከሚዜሙት፣ ፒሪት ከሚባሉት የጥበቃ ንባቦች አንዱ የጊሪማናንዳ ንግግር ነው። ቡድሃ የታመመውን መነኩሴ ጊሪማናንዳን ሄዶ እንዲያጽናናው ደቀ መዝሙሩን አናንዳን በላከው ጊዜ ያስያዘው ቃል ሲሆን፣ ይዘቱ አሥር የማሰላሰያ ርዕሶች ነው፤ ከነዚህም አንዱ እስትንፋስን መከታተል ነው። የዝምታ ተመስጦ ዋና መመሪያ ተብሎ የሚታወቀው ነገር በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ በዜማ ይነበባል ማለት ነው። ይህን አይቶ አንዱን ተመስጦ፣ ሌላውን ሥርዓተ አምልኮ ብሎ መክፈል ለካታሎግ አዘጋጅ ይመቸው እንደሆን እንጂ ነገሩን አይገልጸውም።

የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የቡድሃን የራሱን ተግሣጽ ይዞ ይመጣል። ትምህርቱን በተጎተተ የዘፈን ዜማ የሚያቀርብ መነኩሴ አምስት ጉዳት ያገኘዋል ተብሏል፦ በገዛ ድምፁ ይማረካል፤ ሰሚዎቹም በድምፁ ይማረካሉ፤ ምእመናን «እንደ እኛው ይዘፍናሉ» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ድምፁን ሲያሳምር የልቡ መረጋጋት ይሰበራል፤ ኋላ የሚመጡትም እርሱን አይተው ይከተላሉ። ጥቅሱ ብዙ ጊዜ መድገምን ለመንቀፍ ይጠራል። የመነኮሳቱ ደንብ ግን ይህን ተግሣጽ ከመዘገበ በኋላ ወዲያው ሳራባንያ የተባለውን ቀጥ ያለ የዜማ ንባብ ይፈቅዳል። የተነቀፈው ጌጡ ነው። ደግሞም ከአምስቱ አንዱ ምክንያት የልብ መረጋጋት መሆኑ፣ ደጋሚው በሚደግምበት ሰዓት ልቡ የተረጋጋ ይሆናል ተብሎ መታሰቡን ያሳያል። ሁለተኛው ተቃውሞ ዳማፓዳ ከተባለው የስንኝ መጽሐፍ ይመጣል፦ ብዙ ደግሞ የማይሠራበት ሰው የሌላ ሰው ከብት እንደሚቆጥር እረኛ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስንፍናውን እንጂ ድምፁን አይከስም። እግሩን አጣጥፎ በሐሳብ የሚባዝነውም የራሱ ከብት የለውም።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ጃፓናዊው የዜን መምህር ዶገን (1200–1253) ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነው። በ1231 በጻፈው ቤንዶዋ፣ ያለ ማቋረጥ የሚያዜሙትን በፀደይ ማሳ ላይ ቀንና ሌሊት ከሚጮኹ እንቁራሪቶች ጋር ያመሳስላቸዋል። ከዚህ የበለጠ ፌዝ አይገኝም። ሆኖም ያው ዶገን ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ ካንኪን የተሰኘ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፎ ሥርዓቱን በዝርዝር ደንግጓል፤ እርሱ በመሠረተው ኤይሄይጂ ገዳምም እስካሁን መነኮሳቱ ከጠዋቱ መቀመጥ በኋላ በኅብረት ያዜማሉ። ስለዚህ የእንቁራሪቶቹን ንግግር በዘመኑ ኔምቡፁን ብቻ መንገድ ካደረጉት ጋር የነበረ ሙግት አድርጎ ማንበብ ይሻላል። ከእርሱ በፊት ቻይናዊው ዢዪ (538–597) ነገሩን ያለ ፌዝ አደላድሎት ነበር። በ594 ባስተማረውና ደቀ መዝሙሩ በመዘገበው ሞሄ ዢጓን፣ 90 ቀን ተቀምጦ የሚደረግ ተመስጦና 90 ቀን የአሚታባ ቡድሃን ስም እየጠሩ በመዞር የሚደረግ ተመስጦ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ተቀማጩ ድካም ወይም እንቅልፍ ሲያሸንፈው የአንድ ቡድሃን ስም እንዲጠራ ታዟል፤ ዘዋሪው በበኩሉ አፉ ሲጠራ ልቡ ማሰላሰሉን እንዳያቋርጥ።

እንግዲህ ክፍፍሉ ከየት መጣ? ከቅኝ ግዛት ዘመን ነው። እንግሊዞች በ1885 ማንዳላይን ይዘው የበርማን ንጉሥ ሲያወርዱ መነኮሳቱ ጠባቂያቸውን አጡ፤ መነኩሴው ሌዲ ሳያዶ (1846–1923) ትምህርቱን በምእመናን ልብ ውስጥ ማኖር የተያያዘው ትምህርቱ ይጠፋል በሚል ፍርሃት መካከል ነው። በስሪ ላንካ የተሐድሶ አራማጁ ዳርማፓላና ባልንጀሮቹ ለሚስዮናውያን ነቀፋ የሚመልስ፣ ከሥርዓት የጸዳ፣ ለሳይንስ የሚስማማ ቡድሂዝም አቀረቡ፤ የባህል አጥኚው ጋናናት ኦቤየሴከሬ በ1970 ይህን «ፕሮቴስታንት ቡድሂዝም» ብሎ ሰየመው። ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ በንቁ ልቦና ላይ የተመሠረተ የሕክምና ፕሮግራሙን ሲጀምር ዜማው ጨርሶ ቀርቶ ነበር። አስገራሚው የሰንሰለቱ መነሻ ነው፤ የዘመናዊው የዝምታ ተመስጦ አባት የሚባለው ሌዲ ሳያዶ ምእመናኑን ለማዘጋጀት የጻፈላቸው በበርማ ቋንቋ በቃል የሚጠና ግጥም ነበር።

ሁለት ነገር ማመን አለብኝ። ብዙ ደጋሚ ምእመናን የፓሊውን ትርጉም አያውቁትም፤ ትርጉም ከሌለ የማስታወስ ክርክሬ ግማሹን ኃይል ያጣል። የታይላንዱ መነኩሴ ቡድሃዳሳ በሱዋን ሞክ ገዳሙ ፓሊውን ከታይኛ ትርጉሙ ጋር እያፈራረቀ ማስዜሙ ችግሩን ከውስጥ ያዩት መኖራቸውን ያመለክታል። ሌላው ጃፓናዊው የኔምቡፁ መምህር ሺንራን (1173–1263) ነው። ለእርሱ ኔምቡፁ የሰው ሥራ ስላልሆነ፣ ስሙን መጥራት ልብን ማሠልጠኛ ነው የሚለው ሐሳብ እርሱ ዘንድ አይሠራም። እዚያ የክርክሩ መስመር በገዛ ኃይልና በሌላ ኃይል መካከል እንጂ በድምፅና በዝምታ መካከል አይደለም፤ የእኔም ሐሳብ ወደዚያ አይዘልቅም።

በቀረው ግን ይጸናል። ከሌዲ ሳያዶ በትምህርት ሐረግ የሚወርደው ኤስ. ኤን. ጎኤንካ በ1969 በሕንድ ማስተማር የጀመረው የ10 ቀን ትምህርት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ተሳታፊው ለ10 ቀን ጸሎት እንዳይደግም፣ መቁጠሪያ እንዳይቆጥር፣ ከጎረቤቱም ጋር እስከ 10ኛው ቀን ጠዋት እንዳይነጋገር ቃል ይገባል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በጨለማ ይቀመጣል፤ ሊነጋጋ ሲል፣ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት፣ በ2013 ያረፈው መምህር በካሴት የቀዳው የፓሊ ዜማ አዳራሹን ይሞላዋል።