አሮጌ ሞርሳ

ቤቱ ውስጥ ትንሽ የብረት ሥራ ጥግ የሚያበጅ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ቶርኖ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ሞርሳ ይቅደም ባይ ነኝ፤ ያውም አሮጌ። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ ዝገት የለበሰ የጊዛ (ካስት አይረን) ሞርሳ ሲያዩት አያምርም፤ ዝገቱ ግን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። የሚፈራው በብየዳ የተሸፈነ ስንጥቅ ነው። ጊዛ ብየዳን በቀላሉ አይቀበልም፤ ሞርሳው ጠበቅ ሲደረግ እዚያው ሊከፈት ይችላል። መላላቱን ለማየት ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ይዞ ወደ ላይና ወደ ጎን መነቅነቅም ደግ ነው። እጀታው አቅጣጫ ሲቀይር ትንሽ ባዶውን ቢዞር ግድ የለም (ዋጋ ለማስቀነስ ማንሳቱ ግን አይከፋም)።

ደስ የሚለኝ፣ ሳይጣል መሻሻሉ ነው። የብዙዎቹ የመንጋጋ ፊት በብሎን የታሰረ ጠንካራ ብረት ስለሆነ፣ ሲያልቅ ተፈትቶ ይቀየራል። ጥርሱ ናስን ወይም ልስልስ ያለ ዘንግን እንዳይነክስ ደግሞ ከመስኮት ፍሬም ትርፍራፊ ሁለት የአሉሚኒየም አንግል ቆርጦ ማልበስ ይበቃል። ወጪው ከቁጥር አይገባም። ዋናው ብሎን በየጊዜው ግራሶ ይቀባ እንጂ ሌላ የሚጠይቀው የለም።