«ጣሊያን የሠራው አይፈርስም»? እስኪ እንየው

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆማችሁ ስለ አሮጌዎቹ ሕንፃዎችና ቪላዎች ብትጠይቁ «ጣሊያን የሠራው እኮ አይፈርስም» የሚላችሁ አይጠፋም። እኔም ልጅ ሳለሁ አምኜው ነበር። ምህንድስና ከተማርኩ በኋላ ግን አባባሉ አልዋጥ አለኝ።

ጣሊያን ጎንደርን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ነው። የከተማዋን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ሲሆን የነጮቹን መኖሪያ ከሀገሬው ሰው መኖሪያ ለይቶ አስቀመጠው። ስለ ሰፈሩ ውበት ስናወራ ይህን ከዘለልን ያየነው ግማሹን ብቻ ነው። ወራሪው በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ደግሞ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

አሁን ወደ «አይፈርስም» እንምጣ። ዛሬ የምናየው እስካሁን የቆመውን ነው፤ የፈረሰውማ የለም፣ ማን ያየዋል? ፈተና የወደቁትን ትተን ያለፉትን ብቻ ቆጥረን «ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ነው» እንደማለት ነው። በስታትስቲክስ የታወቀ ስህተት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የፋሲል ግንብን ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ የከተቱበት እነዚሁ ጣሊያኖች ናቸው። ግንቡ የተገነባው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ድንጋዩ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ብሎ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ በመጨረሻ የሚጎዳው ድንጋዩ ነው። በኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ታዲያ ዛሬ አሮጌ የድንጋይ ቤት በሲሚንቶ ስንለስን ያንኑ ስህተት እየደገምን አይደለም እንዴ?

ሙግቴ ቤቶቹ ይፍረሱ አይደለም። እንዲያውም መመስገን ያለበትን እናመስግን፦ ወፍራሙን የድንጋይ ግድግዳ። የጎንደር ቀን ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በቀላል ስሌት፣ 50 ሳ.ሜ. ውፍረት ባለው ድንጋይ ውስጥ የቀኑ ሙቀት ለማለፍ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከውጭው መዋዠቅ ወደ ውስጥ የሚደርሰውም ከ10 በመቶ በታች ነው። ያው ድንጋይ 20 ሳ.ሜ. ቢሆን ግን ሲሶ ያህሉ ይገባል። ይህ ጥበብ የሮም አይደለም፤ የፋሲል ግንበኞች ከዛሬ 300 ዓመት በላይ በፊት በወፍራም ድንጋይ ሠርተዋል።

የድንጋይ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ካላችሁ አንድ ቴርሞሜትር ውስጥ፣ አንድ ውጭ ጥላ ላይ አስቀምጡና በየሦስት ሰዓቱ መዝግቡ። ጎረቤት የብሎኬት ቤት ካለ እዚያም ለኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ግን ውጤቱ ይዛባል፣ እሱንም ጻፉት።