መቶ ብር፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ1996 ዓ.ም. ባካሄደው የኑሮ ደኅንነት ክትትል ጥናት ውስጥ አንዲት ጥያቄ አለች። በግርድፉ፣ ድንገት ቢቸግራችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ 100 ብር ማግኘት ትችላላችሁ ወይ ትላለች። አዎ ካሉ፣ ከየት? ለሙያው ፍቅር ያለው ሰው ቆም ብሎ ሊያያት የሚገባ ሥራ ናት።

የገጠሩን ሰው የገንዘብ አገልግሎት ፍላጎት አጠናለሁ የሚል ሁሉ የሚቸኩለው ብድር ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ነው። የሰሜን ወሎዋ መርሳ ላይ ወረቀት የያዘ እንግዳ ይህን ቢጠይቅ፣ እፈልጋለሁ የማይለው ማን ነው? ምናልባት ብድሩን ይዞት መጥቶ ይሆናላ! ገቢህ ስንት ነው ሲባል ደግሞ ግብሩም እርዳታውም ትዝ ይላል፤ ቁጥሩ ወዲያው ይኮማተራል። የመቶ ብሯ ጥያቄ ግን ተስፋም አትሰጥ፣ ጓዳም አትበረብር። ተጠያቂው ራሱ ፍየሉን፣ ጎተራውን፣ ወንድሙን፣ ባለሱቁን በልቡ እየዞረ እንዲቆጥር ትተወዋለች።

«ሳምንት» የተባለውን እዩልኝ። ገበያ በሳምንት አንዴ በሚቆምበት አገር ሰባት ቀን ማለት ቢያንስ አንድ የገበያ ቀን ማለት ነው፤ ፍየል ነድቶ ሸጦ ለመመለስ ይበቃል። አንድ ቀን ቢባል ሀብት ያለውም የለኝም ይላል። ወር ቢባል አዝመራ ሊደርስ፣ ከሩቅ ገንዘብ ሊላክ ይችላል፤ ችግሩም ችግር መሆኑ ይቀራል። እንከኗ ገንዘቡ ላይ ነው። ያኔ አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ይመነዘር ነበር፤ የዛሬ መቶ ብር ማንንም አይፈትንም። ሳምንቱ ግን አላረጀም።

ሌላው ጥበብ ተመልሶ መሄድ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ያካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት በ1986 ዓ.ም. በ15 የገበሬ መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መዘገበ፤ ከእነዚህ መንደሮች አንዷ በላሊበላ አጠገብ ያለችው ሹምሸሃ ናት። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ እየተመላለሰ የእነዚያኑ ሰዎች ደጅ ቆረቆረ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የጠፉበት ከመቶ 12 ያህል ቤቶች ብቻ ነበሩ። ሰው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይፋታል፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ያንኑ ቤት ማግኘት ስንት ደጅ መጥናትና ስንት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያየው ያውቀዋል። በ1996ቱ ዙር፣ በችግር ጊዜ የሚደርሱላችሁ እነማን ናቸው ተብለው እስከ አምስት ሰው ድረስ እንዲጠሩ ተጠየቁ። ባንክ በቅርንጫፍ የማይደርስበት ቦታ ዋስትናው እነዚያ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሥራ መርሳ ወዳለችበት የሀብሩ ወረዳ ማምጣት ግን ቅጂውን ማባዛት ብቻ አይደለም። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው ጥቁር አስፋልት ላይ ያሉት መርሳና ውርጌሳ አንድ ነገር ናቸው፤ ወደ አፋር የሚያዘቀዝቀው ቆላ ሌላ። በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ገንዘብ የሚቸግረው ዝናብ ጠባቂው በሚቸገርበት ወር ላይሆን ይችላል። እድር ለማለት ቅሬ ማለትን የማያውቅ ጠያቂ፣ ሬሳ አውጥቶ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነውን ማኅበር ሳያየው ያልፋል።

ብድር አልፈልግም የሚለውም መልስ ሁለት ነው። አንዱ በእርግጥ አይቸገርም፤ ሌላው ይቸገራል፣ ወለዱ ግን ሃይማኖቱ የሚከለክለው ነው። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ለዓመታት በቡድን ዋስትና ሲያበድር በኖረበት፣ ሙስሊሙ በበዛበት አገር እነዚህን ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ጥናቱን ያበላሻል። ጎበዝ መጠይቅ አዘጋጅ «አልፈልግም» ከሚለው አጠገብ «በወለድ ከሆነ አልፈልግም» የሚል ቦታ ይተዋል።

ሳዑዲ ያለች ልጅ የምትልከውም አለ። ስንት ላከች ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት በማን ደብተር ገባ፣ ወርዶ ያወጣውስ ማን ነው የሚለው ነው። አባትና እናት ለየብቻ ይጠየቃሉ። መልሳቸው ካልተገናኘ ሁለቱም እንዳሉ ይመዘገባሉ፤ ጠያቂው ማስታረቅ አይፈቀድለትም።