አምፖሉን ከመሃል ማንሳት

ፎገራ ሜዳ ላይ ባለችው ወረታ ከተማ ቤት ሲሠራ የመብራቱ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በልማድ ነው፤ የክፍሉ መሃል ይለካና አንድ አምፖል ይንጠለጠላል። በረንዳው ላይ ነጭ አምፖል፣ በሩ ላይ ፓውዛ፤ በቃ። ይህን ልማድ የምቃወመው ለውበት ብዬ አይደለም። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ ፈጥኖ ይደክማል፤ ሦስት ሜትር ላይ የሚደርሰው አንድ ሜትር ላይ ከነበረው ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ነጭ ግድግዳና ኮርኒስ የደረሰባቸውን ብርሃን መልሰው ያንፀባርቁልናል፤ ጭስ ያጠቆረው ጭቃ ግን ያንንም ይውጠዋል። ስለዚህ የመሃሉ አምፖል ሁሉን በመጠኑ ያሳያል እንጂ ሥራ የሚሠራበትን አንዱንም ቦታ በቅጡ አያበራም። ግድግዳ ጥግ ተቀምጣ ሩዝ ከጠጠር የምትለቅም ሴት መብራቱ ከጀርባዋ ከሆነ ሰፌዱ ላይ የሚያርፈው የራሷ ጥላ ነው። ኩራዝ ጭሱና እሳቱ አይመለስ እንጂ በዚህ ይሻል ነበር፤ ወደ ሥራው ይወሰዳል። ኤሌክትሪክ ሲገባ መብራቱ ከጣሪያ ጋር ተቸነከረ፤ ሰውም ሥራውን ይዞ ወደ መብራቱ መሄድ ጀመረ።

ስለዚህ ለመሃሉ አንድ ትልቅ አምፖል የሚወጣው ዋት ተከፋፍሎ ወደ ሥራው ቦታ ይውረድ እላለሁ፤ አንዱ ከምድጃው በላይ፣ አንዱ ደብተር ከሚዘረጋበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንዱ ከአልጋው ራስጌ፣ እያንዳንዱም በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ። «ሽቦውና ማብሪያው ወጪ ነው» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ግን ዛሬ 9 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል፤ ለአንድ የሥራ ቦታ 5 ዋት ይበቃል፣ ሦስቱም አብረው የሚበሩበት ሰዓት ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋም አንዲቷን 5 ዋት በትንሽ የሶላር ባትሪ ማቆየት ይቻላል። ሽቦ ግድግዳው ሳይለሰን ከተቀበረ ወጪው ቀላል ነው፤ የሚከብደው በኋላ በመሮ መፈልፈሉ ነው። ለጠባብ የኪራይ ክፍል ግን ይህን ሁሉ አልመክርም፤ አምፖሉን ከመሃል ወደ ሥራው ግድግዳ ማስጠጋትና ግድግዳውን ነጭ መቀባት ብቻ ብዙ ይለውጣል።

የውጭው መብራት ፎገራ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ሩዙም ውሃ ይዞ ይከርማል፣ ሲመሽ በራሪው ነፍሳት ይነሳል። የሌሊት ነፍሳትን ከሁሉ ይልቅ የሚስበው አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ነው። 6500 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ አምፖል ሰማያዊው ብዙ ነው፤ ከ2700 እስከ 3000 የሆነው ቢጫ ያነሰ አለው። በባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ነጩን ከገበታው በላይ ከሰቀለ ነፍሳቱን ራሱ ጋበዘ ማለት ነው። ቢጫው ወደ ገበታው፣ ነጩ የግድ ካስፈለገ ራቅ ብሎ ግቢው ዳር ይሁን። «ታዲያ ቢጫ መብራት ወባ ይከላከላል?» ለሚል፣ አይከላከልም። የወባ ትንኝ ሰውን የምታገኘው በትንፋሹና በገላው ጠረን ነው፤ አጎበሩ ከቦታው አይነሳ።

ከሁሉ የሚከብደው ሙግት የፓውዛ ነው፤ ሰው ደማቅ መብራት ከሌባ ያድነኛል ይላል። ወደ መንገድ ፊት ለፊት የተደገነ ፓውዛ ግን የአላፊውንም የዘበኛውንም ዓይን ያጨልማል፤ ከኋላው ያለው ጥላ ለተደበቀ ሰው ይመቻል። ክዳን ኖሮት ወደ መሬት የሚያይ አነስተኛ መብራት የመጪውን ፊትም የአጥሩን ሥርም ያሳያል። እንደ ወረታ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነርና ከባድ መኪና ለሚገላበጥበት ሰፊ ግቢ ረጅም ምሰሶና ብርቱ መብራት ተገቢ ነው፤ የመኖሪያ ቤት በር ግን ወደብ አይደለም። ደግሞ የከተማው ዳር ቤቶች ከሩዝ ማሳ ጋር ይዋሰናሉ። ከሩዝ ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚያሸቱት የሌሊቱን ርዝመት ለክተው ነው፤ በጃፓን የመንገድ መብራት አጠገብ ያለ ሩዝ ከሌላው ዘግይቶ እንደሚያሸት በጥናት ታይቷል። ጎረቤት ማሳው ዳር ያለው ሩዝ ለምን አረንጓዴ ሆኖ እንደቀረ ግራ ሊገባው ይችላል። ፓውዛው ወደዚያ የዞረ ከሆነ፣ አንዲት ቡሎን አላልቶ አንገቱን ወደ መሬት መድፋት ነው።